ስሕተትን ከደጅ የመለሰ ሰው፤ የቻርልስ ባቤጅ የሕይወት ታሪክ

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ከታላላቅ ሰዎች የአንዱን ታሪክ ማንበብ የተለመደ ነው። እኔም የመጨረሻው ክፍል ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፥ ትምህርት ቤታችንን ከመሰናበቴ በፊት የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የቻርልስ ባቤጅን ታሪክ ለመጻፍ አሰብሁ። ብዙዎች የኮምፒዩተር አባት ብለው ይጠሩታል። እኔን ወደ እርሱ የመራኝ ግን የገዛ ስሕተቴ ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ አነስተኛ ላይብረሪ እንሠራ ነበር። በዚህ አነጋገር ላይብረሪ ማለት አንድ ጊዜ ተጽፈው የተቀመጡ፥ ሌሎች ፕሮግራሞችም እየተዋሱ የሚገለገሉባቸው የፕሮግራም ክፍሎች ስብስብ ነው። በውስጡም ኦብጀክት የሚባሉ ነገሮች አሉ። ለወላጆቻችን በቀላሉ ለማስረዳት፥ ኦብጀክት ባዶ ቦታዎቹ እንደሚሞሉለት ቅጽ ነው ለማለት ይቻላል። የእኛ ቅጽ የተማሪውን ስም፥ የትምህርቱን ዓይነትና ከመቶ ያገኘውን ማርክ ይይዛል። እኔ የጻፍሁት ግን የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ነበረ። ለሙከራ ያህል የክፍላችንን የመልመጃ ፈተና ማርክ አስገብተን ደረጃ ባወጣን ጊዜ፥ 85 በማለት ፈንታ 850 የተጻፈለት ልጅ አንደኛ ወጣ። በአንደኛው ትምህርት ታሞ ያልተፈተነው ጓደኛዬ ደግሞ ባዶ የተተወው ቦታ እንደ ዜሮ ተቈጥሮበት ከ4ኛ ወደ 31ኛ ወረደ። እርሱም ወረቀቱ የሙከራ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። እናቱ ልጃቸው ትምህርቱን የተወ መስሏቸው ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ፤ እርሱም በማግሥቱ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

ክበቡን የሚመሩት መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡኝም። የባቤጅን ታሪክ ፈልጌ እንዳነብና ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን እንዳርም ብቻ አዘዙኝ። ያነበብሁትን ባጭሩ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ባቤጅ በዲሴምበር 26 ቀን 1791 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። አባቱ ቤንጃሚን ባቤጅ የባንክ ባለቤትና ሀብታም ሰው ነበረ። ቻርልስ ገና በሕፃንነቱ አሻንጉሊት በተሰጠው ቍጥር ውስጡ ምን እንዳለ እናቱን ይጠይቅ ነበር፤ መልሱ ያላረካው እንደ ሆነም ራሱ ሰብሮ ይመለከት ነበር። ይህ ጠባዩ እስኪያረጅ ድረስ አልተለወጠም።

በ1810 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሒሳብን በገዛ እጁ አስቀድሞ ብዙ ያጠና ስለ ነበር፥ በዚያ የሚሰጠው ትምህርት በኤውሮጳ ሌሎች አገሮች ከደረሰበት ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን ተመልክቶ አዘነ። በማዘን ብቻ ግን አልቀረም። በ1812 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ከጆን ኸርሽልና ከጆርጅ ፒኮክ ጋራ ሆኖ አዲሱን የሒሳብ አጻጻፍ የሚያስፋፋ የተማሪዎች ማኅበር አቋቋመ። በ1814 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት ጆርጂያና ዊትሞር የተባለች ወይዘሪት አገባ። በ1816 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1820 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ፈለክ ማኅበርን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበረ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን አሠራር ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በኪስ የሚያዝ የሒሳብ መሣሪያ አልነበረም። መርከበኛው፥ ሥነ ፈለክ ተመልካቹ፥ መሬት ቀያሹና የባንክ ሠራተኛው ሁሉ ሎጋሪዝምንና ሌሎችንም ቍጥሮች የሚያገኙት ከታተመ የሠንጠረዥ መጽሐፍ ነበር። ኮምፒዩተር የሚለው ቃል ራሱ በዚያን ዘመን እነዚህን ቍጥሮች በእጁ እያሰላ የሚጽፈውን ሰው የሚያመለክት ነበረ። ስሕተትም ወደ ሠንጠረዡ የሚገባበት ሦስት በር ነበረው። አንደኛ፥ አስሊው ሲያሰላ ይሳሳታል፤ ሁለተኛ፥ ጸሐፊው ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ሦስተኛ፥ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ የእርሳስ ፊደሉን ሲደረድር ይሳሳታል። በባሕር መካከል ያለ የመርከብ አዛዥ ሠንጠረዡን አምኖ መንገዱን ይመራል፤ አንዲት ቍጥር ተበላሽታ እንደ ሆነ ግን መርከቡን ወደ ዓለት ሊነዳ ይችላል። ሠንጠረዡ የተጣራ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በ1821 ዓ.ም. ባቤጅና ኸርሽል ለሥነ ፈለክ ማኅበር የሚሆኑ ሠንጠረዦችን ይመረምሩ ነበር። አንዱ ሒሳብ በሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲሰላ ተደርጎ ነበርና፥ ሁለቱ ጓደኛሞች ወረቀቶቹን ጐን ለጐን አስቀምጠው ቍጥር ከቍጥር ያስተያዩ ጀመር። አለመስማማቱ እየበዛ ሲሄድ ባቤጅ ተሰላቸና፥ ይህ ሁሉ ሒሳብ በእንፋሎት ኀይል ቢሠራ ምን ነበረበት ብሎ ተመኘ። ኸርሽልም ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቤጅ ዕድሜውን በሙሉ ለዚህ አሳብ ሰጠ።

ያሰበው የሒሳብ መኪና መደመርን ብቻ የሚያውቅ ነበረ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉኝ። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 ብላችሁ የቍጥሮችን ካሬ ጻፉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3፣ 5፣ 7፣ 9 ነው። የልዩነቶቹ ልዩነት ደግሞ ምን ጊዜም 2 ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ካሬ ለማግኘት ማባዛት አያስፈልግም፤ በ9 ላይ 2 ደምሮ 11፥ በ25 ላይ 11 ደምሮ 36 ማግኘት ይበቃል። ይኸው ዘዴ ስሕተትንም ያጋልጣል። ከ16 ፈንታ 17 ብትጽፉ ልዩነቶቹ 3፣ 5፣ 8፣ 8 ይሆናሉ፤ የልዩነቶቹም ልዩነት 2፣ 3፣ 0 ይሆንና ሥርዓቱ ወዲያው ይፈርሳል። ቍጥሩን ከጐረቤቶቹ ጋራ በማስተያየት ብቻ ስሕተት እንዳለበት ይታወቃል ማለት ነው።

ባቤጅ በ1822 ዓ.ም. ትንሽ ናሙና ሠርቶ አሳየ፤ በ1823 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለትልቁ መኪና ገንዘብ ይሰጠው ጀመር። ጆሴፍ ክሌመንት የተባለ ብልህ የብረት ሥራ ባለሙያም ቀጠረ። ባቤጅ መኪናውን ሲነድፍ ሦስቱንም የስሕተት በሮች ለመዝጋት አሰበ። ሒሳቡን መኪናው ራሱ ያሰላል፤ ውጤቱንም ራሱ ለማተሚያ በሚሆን ለስላሳ ነገር ላይ ይቀርጻል፤ ስለዚህ ገልባጭም ፊደል ደርዳሪም በመካከል አይገቡም። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን የመንኰራኵሮቹ ነገር ነው። በእያንዳንዱ መንኰራኵር ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮች ተጽፈዋል። መንኰራኵሩ በ6 እና በ7 መካከል ቢቆም ትርጕም የለውም፤ እንዲህ ያለ ቍጥር የለምና። ባቤጅም መንኰራኵሩ በሁለት ቍጥሮች መካከል በተገኘ ጊዜ መኪናው ተቀርቅሮ እንዲቆም አደረገው። የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጨርሶ መቆም ይሻላል የሚለው አሳብ በብረቱ ውስጥ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

የባቤጅ ሕይወት በደስታ ብቻ የተሞላ አልነበረም። በ1827 ዓ.ም. አባቱ፥ ልጁ ቻርልስና ሚስቱ ጆርጂያና በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱበት። ኀዘኑ ስለ ጸናበት አገሩን ትቶ በኤውሮጳ ይዘዋወር ጀመር። ነገር ግን በዚያው በመከራው ዓመት ከ1 እስከ 108,000 ያሉትን ቍጥሮች የያዘ የሎጋሪዝም ሠንጠረዡ ታተመ። ይህንንም መጽሐፍ ከሌሎች ሠንጠረዦች ጋራ ደጋግሞ እያስተያየ አርሞት ነበርና፥ በጥራቱ የተመሰገነ ሆነ። በ1828 ዓ.ም. ገና በጕዞ ላይ ሳለ፥ ቀድሞ ኒውተን ይዞት በነበረው በካምብሪጅ የሒሳብ መምህርነት ወንበር ላይ ተሾመ፤ እስከ 1839 ዓ.ም. ድረስም ያዘው።

በ1832 ዓ.ም. ከመኪናው አንድ ሰባተኛ የሚሆነው ክፍል ተገጣጥሞ ያለ እንከን ሠራ። ባቤጅም በቤቱ ለሚጋብዛቸው እንግዶች ያሳየው ነበር። ነገር ግን በ1833 ዓ.ም. ከክሌመንት ጋራ በገንዘብ ስለ ተጣላ ሥራው ቆመ። መንግሥትም 17,000 ፓውንድ ያህል ካወጣ በኋላ በ1842 ዓ.ም. ነገሩን ጨርሶ ተወው። እውነቱን ለመናገር ባቤጅም ከጥፋት ነጻ አልነበረም። ቍጡ ነበረ፤ አንዱን ሥራ ሳይፈጽም የተሻለ አሳብ ሲመጣበት ወደዚያ ይሄድ ነበር።

የተሻለው አሳብ በ1834 ዓ.ም. የጀመረው ሁለተኛው መኪና ነው። ይህኛው አንድ ዓይነት ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የታዘዘውን ሁሉ እንዲሠራ የታሰበ ነበረ። ቍጥሮች የሚቀመጡበት ጐተራ፥ ሒሳቡ የሚሠራበት ደግሞ ወፍጮ ተለይተው ተነድፈውለታል። ትእዛዙን የሚቀበለው ቀዳዳ ካለባቸው ካርዶች ነው፤ ይህንንም የወሰደው ፈረንሳዊው ዣካር ሐር ለሚሠራበት የሽመና መኪና ካበጀው ዘዴ ነው። ባቤጅ አንድ ጊዜ የተዘጋጁ ካርዶች ተጠብቀው ለሚመጣው ሥራ ሁሉ እንደሚያገለግሉ፥ ስለዚህም መኪናው የራሱ ላይብረሪ እንደሚኖረው ጽፏል። ይህን ሳነብ የክበባችን ሥራ ትዝ አለኝና ደነገጥሁ፤ እኛ አዲስ ነገር የሠራን መስሎን ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። መኪናው በሥራ መካከል የአንድ ቍጥር፥ ለምሳሌ የ2303 ሎጋሪዝም ቢያስፈልገው፥ ደወል ይደውላል፤ የሚፈልገውንም ቍጥር ያሳያል። ጠባቂው ከሣጥን ውስጥ ካርዱን አውጥቶ ይሰጠዋል። ታዲያ ጠባቂው ተሳስቶ የሌላ ቍጥር ካርድ ቢሰጠውስ? ባቤጅ ጠባቂው ይጠንቀቅ ብሎ ነገሩን አልተወውም። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሎጋሪዝሙ ብቻ ሳይሆን ቍጥሩ ራሱም ይቀረጻል። መኪናው ሎጋሪዝሙን ከመቀበሉ በፊት በካርዱ ላይ ያለውን ቍጥር ከፈለገው ቍጥር ላይ ይቀንሳል። ቀሪው ዜሮ ከሆነ ካርዱ ትክክል ነው፤ ይቀበለዋል። ዜሮ ካልሆነ ግን ከፊተኛው የሚበልጥ ደወል ይደውላል፥ የተሰጠው የተሳሳተ መሆኑንም ያሳያል፥ ትክክለኛው ካርድ እስኪመጣለትም ቆሞ ይጠብቃል። ዛሬ የመረጃ ማረጋገጫ የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ ባቤጅም ያሰበው ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ይህ ምርመራ ወሰን አለው። መኪናው የቍጥሩን ማንነት ያረጋግጣል እንጂ፥ ሎጋሪዝሙ ራሱ ሲቀረጽ የተበላሸ እንደ ሆነ አያውቅም። ባቤጅ ይህንንም አስቦበት ነበርና ሠንጠረዦቹን መኪናው ራሱ አስልቶ ራሱ ካርዱን ቢበሳ የተሻለ መሆኑን ገለጸ። ደግሞም የምክር ቤት አባሎች፥ በመኪናው ውስጥ የተሳሳተ ቍጥር ቢገባ ትክክለኛ መልስ ይወጣ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀውት ነበር። እርሱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚመጣ ሊገባው እንዳልቻለ በመጽሐፉ ጽፏል። የውሸት ዘር ከተዘራ እውነተኛ እህል አይበቅልም፤ መኪና ይህን አይለውጥም።

የባቤጅን አሳብ ከተረዱት ጥቂቶች መካከል አንዷ አዳ ላቭሌስ ነበረች። በ1833 ዓ.ም. የተገጣጠመውን ክፍል ባየች ጊዜ ዕድሜዋ 17 ዓመት፥ ማለት የእኛን ያህል ነበረ። በ1843 ዓ.ም. ስለ ሁለተኛው መኪና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የሜናብሬያን ጽሑፍ ተርጕማ፥ ከጽሑፉ የሚረዝም የራሷን ማብራሪያ ጨመረችበት። ባቤጅ ግን ይህንንም መኪና ሊፈጽመው አልቻለም። ከ1847 እስከ 1849 ዓ.ም. ድረስ የመጀመሪያውን መኪና በጥቂት ዕቃ የሚሠራ አድርጎ እንደ ገና ነደፈው፤ ገንዘብ የሚሰጠው ግን አልተገኘም። በስዊድን አገር ሹትስ የተባሉ አባትና ልጅ ስለ እርሱ መኪና አንብበው የራሳቸውን ሠርተው ወደ ሎንዶን ባመጡ ጊዜ፥ ባቤጅ በቅናት አልተመለከታቸውም፤ ይልቁንም አመሰገናቸው፥ ረዳቸውም። እኔ ከሕይወቱ ውስጥ ከሁሉ የወደድሁለት ይህን ነው።

በ1864 ዓ.ም. የራሱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ፤ በኦክቶበር 18 ቀን 1871 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ በሎንዶን ሞተ። ካሰባቸው ትልልቅ መኪናዎች አንዱ እንኳ ተፈጽሞ አላየም። ነገር ግን በተወለደ በ200ኛው ዓመት፥ በ1991 ዓ.ም.፥ የሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም በኋላ ባወጣው ንድፍ መሠረት የሒሳቡን ክፍል ሠርቶ አቆመው፤ ማተሚያው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተፈጸመ። እስከ 31 አኀዝ ያለውን ቍጥር በትክክል ያሰላል። ሰውየው አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው።

እኔም ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ፕሮግራሜን ለማረም ተቀመጥሁ። በመጀመሪያ ምርመራውን ማርክ በሚያስገባው ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ጻፍሁት። ነገር ግን ደረጃ የሚያወጣውና አማካይ የሚያሰላው ፕሮግራምም በዚያው ኦብጀክት ስለሚገለገሉ፥ የተበላሸው ቍጥር በእነርሱ በኩል ሾልኮ ገባ። ባቤጅ ምርመራውን በመኪናው ውስጥ እንጂ በጠባቂው ላይ እንዳልጣለ ትዝ አለኝና፥ ምርመራውን ወደ ኦብጀክቱ ራሱ አዛወርሁት። አሁን ኦብጀክቱ በተፈጠረ ጊዜም፥ በኋላ ማርኩ በተለወጠ ጊዜም፥ ከ0 በታች ወይም ከ100 በላይ የሆነውን፥ ቍጥር ያልሆነውንም ሁሉ አይቀበልም። ባዶ ቦታ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ፥ አልተፈተነም የሚል የራሱ ምልክት ተሰጠው፤ እንዲህ ያለው ተማሪ እስኪፈተን ድረስ ደረጃ አይወጣለትም። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲመልስም ዝም ብሎ አይቆምም፤ የማን ማርክ፥ በየትኛው ትምህርት፥ ምን ተጽፎ እንደ ተገኘ ይናገራል። ይህ የእኛ ትልቁ ደወል ነው።

ነገር ግን 83 በማለት ፈንታ 38 ቢጻፍስ? 38 ከመቶ በታች ስለ ሆነ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ያሳልፈዋል። ለዚህ ደግሞ ባቤጅና ኸርሽል በ1821 ዓ.ም. ያደረጉትን አደረግን። ሁለት ሰዎች አንዱን የማርክ ወረቀት ለየብቻ ያስገባሉ፤ ፕሮግራሙም ሁለቱን ያስተያያል፤ የማይስማሙበትን ቦታ አሳይቶ ይቆማል። ሁለቱም አስገቢዎች አንዱን ቍጥር በአንድ ዓይነት ቢሳሳቱ፥ ወይም ወረቀቱ ራሱ ከመጀመሪያው ስሕተት ቢኖርበት፥ ኮምፒዩተሩ ሊያውቅልን አይችልም። ስለዚህ ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ማርክ አይቶ እንዲፈርም ወሰንን።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፥ የጀመሩትን ትንሽ ሥራ መፈጸም ያልተፈጸመ ትልቅ አሳብ ከመያዝ ለባለቤቱ የሚሻል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ በወረቀት ላይ ካለው ቍጥር ጀርባ ሰው መኖሩን ነው፤ በሠንጠረዡ ጀርባ መርከበኛው፥ በማርኩ ጀርባ ልጁና እናቱ አሉ። የጓደኛዬን እናት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ልጃቸውም የቀረበትን ፈተና ተፈትኖ 4ኛነቱን አስመልሷል። ዛሬ በክበባችን ማርክ ስናስገባ ሁለተኛው አስገቢ እርሱ ነው፤ የእኔን ስሕተትም እስካሁን 3 ጊዜ ይዞብኛል።